«ጽዱ የአባቴ ነው፤ ታዲያ ለምን ኬላ ላይ ተያዘ?»

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ደብረ ብርሃን የሚሠራ ወጣት ነው። ወላጆቹ ጣርማ በር ወረዳ ውስጥ፣ ወፍ ዋሻ ደን ጠርዝ ላይ ይኖራሉ። «ጋሼ፣ አባቴ ጓሮ የነበረ አንድ ትልቅ ጽድ ክረምት ላይ በነፋስ ወደቀ። ለቤትህ ቋሚ ይሆንሃል ብለው አስጠረቡት። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፈው በአይሱዙ ሲልኩልኝ ኬላ ላይ ‹ይለፍ የለውም› ተብሎ ተያዘ። እስካሁን እዚያው ነው። የገዛ ዛፋችን አይደለም ወይ? እናቴም ደኑ ውስጥ ጭራሮ ስትለቅም ጥበቃዎቹ አንዳንዴ ዝም ይሏታል፣ አንዳንዴ ያባርሯታል። አባቴ ደግሞ እዚያው ደን ውስጥ ቀፎ መስቀል ይፈልጋሉ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለየትኛው ነው? የሚሰጠውስ ማን ነው?»

ወንድሜ፣ ከተያዘው እንጨት ልጀምር። ሌላው ይቆያል፤ እሱ ግን ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ነው።

አባትህ ሕግ ለመጣስ እንዳልተነሡ ከጥያቄህ ይገባኛል። ቀበሌ ድረስ ሄደው ማጻፋቸው ራሱ ይመሰክራል። ችግሩ ያጻፉት ወረቀት ላይ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ «ግለሰቡ ነዋሪያችን ነው፤ ዛፉም በይዞታው ላይ የነበረ ነው» ይላል። ይህ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ቀጣዩ ቢሮ አያናግርህም። ነገር ግን ዛፉ የማን እንደሆነ እንጂ እንጨቱ መንገድ ላይ መውጣት እንደሚችል አይናገርም። የደን ውጤት ከቦታ ቦታ እንዲዘዋወር የሚፈቅደው ወረዳው ነው። ሰው «ይለፍ» ወይም «መሸኛ» የሚለው ይህንን ነው። ኬላ ላይ ያለው ሠራተኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የባለቤትነት ክርክር እሱ ጋ አይሰማም፤ ሥልጣኑም አይደለም።

ለጽድ ደግሞ በነዚህ መሐል አንድ ሌላ ወረቀት አለ፤ የመቁረጫ ፈቃድ። አገር በቀል ዛፍ በግል ጓሮ ውስጥ ቢበቅልም ምሣር ከማረፉ በፊት ባለሙያ መጥቶ ሊያየው ይገባል። በነፋስ ከወደቀም ከመጠረቡ በፊት። ስለዚህ ነገሩ የሚሄደው በተራ ነው። ቀበሌው የማን እንደሆነ ያረጋግጣል። የወረዳው የደን ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል። ጽሕፈት ቤቱ መቁረጥን ወይም መጥረብን ይፈቅዳል። እንጨቱ ተዘጋጅቶ ሲቆጠር ይለፉ ይጻፋል። አባትህ ከመጀመሪያው ቀጥታ መኪናው ላይ ደረሱ። በአካባቢያችን እንጨቱ የሚያዝበት ቅን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያዘው እዚህች ላይ ነው፤ የቀበሌውን ማኅተም ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ይለፉ ምን እንደሚይዝ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው አጣጥፎ ኪሱ ከመክተት በቀር አያነበውም። የባለቤቱ ስምና ቀበሌ አለ። የዛፉ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ መጠኑ አለ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚራገፍ አለ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ የሚያገለግልበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አለ። ከጽሕፈት ቤቱ ሳትወጣ ቆመህ አንብበው። ወረቀቱ ላይ 20 ቋሚ ተብሎ መኪናው ላይ 23 ቢቆጠር ጣጣው ለሦስቱ ብቻ አይሆንም፤ ጭነቱ በሙሉ ይጠረጠራል። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ቢዛወር ሰሌዳው ተለወጠ ማለት ነው፤ ደውለህ ማሳወቅና ማስተካከል አለብህ። ቀኑ ካለፈ እንዲታደስ ትጠይቃለህ። በእስክሪብቶ ቀን መነካካት ግን የሚታሰብ ነገር አይደለም። የእንጨት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሐሰተኛ ሰነድ ጉዳይ ይሆናል።

የኬላ ሠራተኞች ጽድ ላይ ለምን እንደሚከሩም ልትረዳላቸው ይገባል። ከላይ የባሕር ዛፍ አጠና ይደረደራል፤ ከሥር ጽድ ይተኛል። ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሸራውን ገልጦ የሚያየው ከኋላ የሚታየውን የተቆረጠ ጫፍ ነው። ባሕር ዛፉ ነጣ ያለ ነው። ጽዱ መሐል ለመሐል ቀላ ብሎ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ሽታውም እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው ሽታ ነው፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ አይደበቅም። ከደን የተሰረቀውንና ከአባትህ ጓሮ የወጣውን ጽድ ግን ሽታው አይለይም። የሚለየው ወረቀቱ ብቻ ነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ከሁሉ በፊት ለአባትህ ደውልና ጉቶውን እንዳይነኩት ንገራቸው። ይህን አደራ እላለሁ። ገበሬ መሬት ማባከን አይወድም። ዛፍ በወደቀ ማግስት ጉቶውን ነቅሎ፣ ሥሩን ለማገዶ ፈልጦ፣ ጉድጓዱን ደፍኖ ጎመን ይተክልበታል። አባትህ ያን አድርገው ከሆነ ዋናው ምስክራቸው ነደደ ማለት ነው። በነፋስ የወደቀ ዛፍ ብዙ ጊዜ ሥሩን ከነአፈሩ ገልብጦ ነው የሚወድቅ፤ ጉድጓዱ ይታያል፣ የተበጠሰው ሥር ይታያል። በመጋዝ የተቆረጠ ደግሞ ጉቶው ለጥ ብሎ ይቀራል። ባለሙያው እዚያ ቆሞ ጉቶውን ከተያዘው እንጨት ጋር ያስተያያል፤ ውፍረቱን ይለካል። ጉቶው ከሌለ ጎረቤትና የቀበሌ ሰው መመስከር ይኖርበታል። እሱም ይሆናል፣ ግን ይጎትታል።

ቀጥሎ እንጨቱ ሲያዝ የተጻፈውን ወረቀት ፈልግ። የደን ውጤት ሲያዝ ዓይነቱና ብዛቱ ተመዝግቦ በኤግዚቢትነት ይቀመጣል። ሾፌሩ ፈርሞ ከሆነ እሱ ጋ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ከሌለው ሄደህ በትሕትና ጠይቅ። ይህን፣ የአባትህን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና የቀበሌውን ደብዳቤ አንድ ላይ አድርገህ ለወረዳው የአካባቢና ደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ አስገባ። የቢሮዎች ስም ይቀያየራል፣ አንዳንዱ ወረዳ ላይ ሥራው ግብርና ውስጥ ነው። «የደን ባለሙያው የት ነው?» ብትል ማንም ያሳይሃል። ማመልከቻው ላይ እውነቱን እንዳለ ጻፍ፤ ዛፉ ወደቀ፣ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሳናውቅ ጠረብነው፣ ባለሙያ መጥቶ ይይልን። በሰው አማላጅ ከመዞር ይህ ይሻላል። እንጨቱን የመልቀቅም የመውረስም ውሳኔ የእነሱ ነው፤ ክስ ከተከፈተ ደግሞ የፍርድ ቤት ይሆናል። ቶሎ ካመለከታችሁና ጉቶው ካለ ግን ጥሩ ክርክር ይዛችኋል።

ምናልባት «የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ በየሳምንቱ በመኪና ሲወጣ ማን ይናገራል?» ትል ይሆናል። ልክ ነህ፣ ልዩነት አለ። ባሕር ዛፍ ሰው ተክሎ፣ ቆርጦ፣ እንደገና አቆጥቁጦ የሚሸጠው ሰብል ነው። ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ መንዝ የገበሬው የባንክ ደብተር እሱ ሆኗል። መቁረጡ ብዙ አያነጋግርም፤ ለማጓጓዝ ግን እሱም ወረቀት ይዞ ነው የሚሄድ። ጽድ ሌላ ነው። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፤ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ። ከዚያ በኋላ አዋጁ በ1999 በቁጥር 542፣ እሱም በ2010 በቁጥር 1065 ተተክቷል። ለእነዚህ ዛፎች ያለው ጥንቃቄ ግን አልላላም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዛሬ የተተከለ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጠና ይሆናል። ዛሬ የተተከለ ጽድ ቋሚ እስኪሆን የሚተክለው ሰው ያረጃል።

ወፍ ዋሻ ደግሞ እንዲህ ያለ ደን ከቀረባቸው ጥቂት የደጋ ቦታዎች አንዱ ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶውና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ገደሉን ይዘው ቆመዋል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የመናገሻ ሱባን ደን ሲያስተክሉ ዘሩን ያስመጡት ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል። እናንተ ጓሮ የቆመው ጽድ የዚያ ዘር ዘመድ ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ጽድ በወደቀ ቁጥር ባለሙያ ይምጣ መባሉ በዛ አልልም። የሚበዛው ባለሙያው ሳይመጣ ወር ሲቆይ ነው። ለገበሬ የወደቀ ዛፍ ሜዳ ላይ እየበሰበሰ «ጠብቅ» ማለት ከባድ ነው፤ ሰው ሕጉን የሚዘለው ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከዚህ መጠበቅ የተነሣ ነው። ወረዳዎች የወደቀ ዛፍን ጉዳይ ለይተው ቶሎ ቢያስተናግዱ ኬላ ላይ የሚያዘው እንጨት ይቀንስ ነበር።

ወደ እናትህ ልምጣ። እዚህ ላይ ባለቤትነቱ ተለወጠ፤ ደኑ የመንግሥት ነው። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ደንን በአራት ይከፍላል፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት። በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ፣ መስፈር፣ ከብት ማሰማራት፣ ማደን፣ ቀፎ መስቀልና ማር መቁረጥ የተከለከለ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያልተሰማው ሌላኛው ግማሽ ነው። ለደኑ በተዘጋጀው የአስተዳደር ዕቅድ መሠረት የአካባቢው ነዋሪ ሣር ማጨድ፣ የወደቀ እንጨት መልቀምና ለመድኃኒት የሚሆኑ ዕፅዋትን መጠቀም ይችላል። የደን ሕጉ ለነዋሪው ይህን በር ከፍቶለታል። እናትህ ሌባ አይደሉም። ጥበቃው ዝም ሲላቸው ውለታ የዋለላቸው መስሏቸው ከሆነ አይደለም፤ ሕጉ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሚሠሩት።

ታዲያ አንዳንዴ ለምን ያባርሯቸዋል? እኔ የምጠረጥረው ምሣሩን ነው። መጋዝና ሌላ የመቁረጫ መሣሪያ ይዞ የመንግሥት ደን ውስጥ መገኘት ራሱን የቻለ ክልከላ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ባይቆረጥም። ገመድ ብቻ ይዛ የገባች ሴትና ምሣር ይዛ የገባች ሴት ለጥበቃው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ምክንያት ቆሞ የደረቀው ዛፍ ነው። ብዙ ሰው ደረቅ ሁሉ ማገዶ ነው ብሎ ያስባል። መሬት የነካው ቅርንጫፍ ለቀማ ነው፤ ቆሞ የደረቀውን መጣል ግን መቁረጥ ነው። ወፍ ደግሞ ጎጆዋን የምትሠራው፣ ንብም የምትገባው እዚያ ደረቅ ግንድ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ሸክሙ ነው። ለምድጃ የሚሆን አንድ ሸክምና ገበያ ለመሸጥ በአህያ የሚጫን እንጨት በአንድ ዓይን አይታዩም። የሚሸጥ ከሆነ የቤት ፍጆታ መሆኑ ቀርቷል፤ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል።

በጥበቃው ፊት መለዋወጥ እንዳይጉላሉ መፍትሔው አንድ ነው። ቀበሌያቸው ውስጥ የደን ተጠቃሚ ማኅበር ካለ ይግቡ። አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር በአገራችን በ1980ዎቹ መጨረሻ ጭልሞና ቦንጋ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ደኖች የሰፋ ነው። ነዋሪው በማኅበር ይደራጃል፣ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፣ ይጠብቃል፣ በምላሹም ይጠቀማል። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በኩል ገብቶ ምን ያህል እንደሚወስድ ይጻፋል። እናትህ የማኅበሩ አባል ከሆኑ «ዛሬ ቀናችን ነው» ማለት ይችላሉ። ጥበቃው ቢለወጥም ደንቡ አይለወጥም። ማኅበር ከሌለ ቀበሌው ጉዳዩን ለወረዳው እንዲያቀርብ ጎረቤት ተሰብስቦ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ሰው ብቻውን ከሚለምን ሃያ አባወራ ፈርሞ ቢጠይቅ ይደመጣል።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስልህ። እዚሁ ዞናችን ውስጥ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበረ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። መንዞች የዘር ሐረጋቸውን አስቦና ጌራ ከሚባሉ የጥንት አባቶች እየቆጠሩ ጓሳን በጋራ ያስተዳድሩ ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራው የሚከፈትበትን ቀን ይወስናል፤ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። በበጋው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ይታጨዳል። ከብትም በተራው ይገባል። ዝናቡ ሲመጣ ይዘጋል። ከተባለው ቀን በፊት የገባ ከባድ ቅጣት ነበረበት። ወረቀት የለም፣ ማኅተም የለም፤ ይለፉ ቀኑ ራሱ ነበር። ማን እንደገባ የሚያውቀውም ጎረቤቱ ነበር።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። የጓሳ ሰው ግን ተስፋ ቆርጦ አልተወውም። በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ዳግም መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚያይ እንግዳ የመግቢያ ከፍሎ ይገባል። ይህን የማነሣው ለታሪክ ጣዕም ብቻ አይደለም። እናንተ ጋ ማኅበር ለማቋቋም ስትነጋገሩ «የእኛ ሰው ይህን አይችልም» የሚል አይጠፋም። ጓሳ ቅርብ ነው። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄደው ቢጠይቁ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

የአባትህ ቀፎ ደግሞ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ጥያቄ ነው። ንብ ያለው ሰው ዛፍ አያስቆርጥም፤ አበባው እንጀራው ነው። ሆኖም በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቀፎ መስቀል አይቻልም፤ የማኅበር አባል ከሆኑ ግን በደንቡ ሊፈቀድላቸው ይችላል። ሲያመለክቱ የቀፎውን ብዛት፣ የሚሰቀልበትን ቦታና ዓይነቱን ይግለጹ። ባህላዊ ቀፎ ለመሥራት ግንድ እቆርጣለሁ ካሉ ጥያቄያቸው እዚያው ይወድቃል። ዘመናዊ ወይም የሽግግር ቀፎ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ እሳት ነው። ማር ቆራጭ በበጋ ሌሊት ችቦ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። አንዲት ፍንጣሪ ደረቅ ሣር ላይ ስትወድቅ፣ ነፋሱ ገደል ለገደል ይዟት ይወጣል፤ አስታ ደግሞ አረንጓዴውም ይነዳል። ደን ላይ እሳት የለቀቀ ሰው የሚጠብቀው ረጅም ጽኑ እስራት ነው። ስለዚህ የንብ ማጨሻ ይግዙ፣ ብቻቸውን አይቁረጡ፣ ውኃ ይያዙ። ከደኑ ዳር፣ የራሳቸው ማሳ ላይ ቀፎውን ቢያስቀምጡ ደግሞ ንቧ ሄዳ ትቀስማለች፤ ለእሷ ይለፍ የሚጠይቃት የለም፣ እሳቸውም ከቢሮ ደጅ ይድናሉ። እኔ አባቴ ቢሆኑ የምመክራቸው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የደብር ደን ከሆነ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰበካ ጉባኤው ነው። እንጨቱ መንገድ ላይ ከወጣ ግን የወረዳው ይለፍ ለእሱም አይቀርም። መንግሥት የተከለውን ደን እንጨት መግዛት የሚፈልግም አለ። እሱ የሚሸጠው በጨረታ ነው፤ ከጥበቃ ጋር በመስማማት አይገዛም።

ገንዘብ ነክ ነገር ካለ ሁልጊዜ ደረሰኝ ጠይቅ። የአገልግሎት ክፍያ ቢኖር ቢሮ ውስጥ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። መንገድ ላይ «ለሻይ» የሚባል ነገር ከተነሣ አትስጥ። ማሳፈሩ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በሻይ ያለፈ ጭነት ነገ ቀጣዩ ኬላ ላይ ያለ ወረቀት ይቆማል።

አንተ ደብረ ብርሃን መሆንህ ጥሩ ነው። ወረዳው ማመልከቻውን ተቀብሎ ካልመለሰላችሁ የዞኑ መሥሪያ ቤት ያለው እዚያው ከተማህ ውስጥ ነው። ቅሬታ በጽሑፍ አስገባ፣ ቅጂህ ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብለህ ቁጥርና ቀን አስጻፍ። አባትህ ከዳገት ወርደው፣ የመኪናውን መንገድ ዋሻ አልፈው መምጣት አይጠበቅባቸውም፤ የውክልና ወረቀት ይስጡህና አንተ ተከታተል። እስከዚያው ግን በአካል ሄደህ እንጨቱ ከዝናብ ተጠብቆ እንዲቀመጥ ጠይቅ። ጽድ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቋሚ ደግሞ ማገር አይዝም።